የማያድግ ሣር

ሳጊናው ከተማ፣ ከወንዙ ባሻገር፣
ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ነበር።
የማዘጋጃ ቤት፣ የርካሽ ትኬት፣
የፋብሪካ ሰው ከፈረቃ ወጥቶ ቅዳሜን የሚገፋበት።
ዛሬ መጋዘን ነው።
ሰባተኛው ጉድጓድ፣ ባንዲራው የቆመበት ላይ፣
ከባድ መኪና ወደ ኋላ ይሄዳል፣
ጢጥ፣ ጢጥ እያለ፣ ሾፌሩ ሳያይ።

እኔ ፖስታ ቤት ነኝ፤ ሌሊት ደብዳቤ እለያለሁ፣
ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሜዳ እሠራለሁ፤
በጨዋታ ውስጥ፣ በኮምፒውተር፣ በማውዝ ጫፍ፣
ኮረብታ ስጎትት፣ ኩሬ ስደፋ፣ ስተክል ዛፍ።
ይህኛው ግን ሁለት ዓመት ፈጀ።
ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ የአውራጃው ካርታ፣
ምድሩ ሳይደለደል የነበረውን ከፍታ
ስንዝር በስንዝር ነገረኝ፤ በዚህ አልተቸገርኩም።
ዛፍ ግን ጨዋታው ከሦስት ዓይነት በላይ አይሰጥም፤
አንዱን ጥድ አራት መቶ ጊዜ ገልብጬ ተከልኩት፣
አንዱን አጠር፣ አንዱን ዞር እያደረግኩ ደበቅኩት።
መብረቅ የመታውን ግንድ ከድንጋይ ቀርጬ አቆምኩ፤
ከሩቅ አያስታውቅም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከዚያ ካዚሚር ኖቪትስኪን ጠራሁት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ያንን ሣር ያጨደ ሰው ነው፤ ጉልበቶቹ ዛሬ እምቢ ይላሉ።
ልጁ ሎረታ ወንበሩን እየገፋች አስገባችው፤
መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገና ስክሪኑን አፈጠጠው።
"ወሩ ምንድን ነው?"
"ነሐሴ" አልኩት።
"እንግዲያ ውሸት ነው።
የሚሺጋን ነሐሴ ደረቅ ነው፤ ውሃ በቁጠባ ነው፤
ሣሩ የውሻ ጀርባ ይመስላል። ይህን ማን አጠጣው?"
አረንጓዴውን ቀነስኩ። ቢጫ ጨመርኩ። "ገና" አለኝ፤ አሁንም ጨመርኩ።
"አምስተኛው ላይ፣ ከፓምፑ ቤት ጀርባ፣ ሁልጊዜ ይረጥባል፤
ቱቦው ከሥር ያነባል፣ ጽፌላቸው ነበር፣ 'በጀት የለም' ብለውኛል።"
አረጠብኩት።
"በአጥሩ ቀዳዳ የቪቦርስኪ ልጆች ይገባሉ፣ ኳስ ሊለቅሙ፤
ያንኑ ኳስ ለባለቤቱ ይሸጡለታል፤ ተዋቸው፣ ይጠቀሙ።"
አጥሩን ቀደድኩት።

መቆጣጠሪያውን በእጁ አኖርኩ፣ "አሁን ምታ" ብዬ።
መታ።
ዱላው ሣሩን ገሽልጦ፣ ምላስ የሚያህል ቁራጭ በረረ፤
ካዚሚር ኳሱን አልተከተለም፣ ዓይኑ ቁስሉ ላይ ቀረ።
"አፈርና ዘር የምጨምርበት ቁልፍ የቱ ነው?" አለ፣
አውራ ጣቱ በየቁልፉ ላይ እየዋለለ።
ሳልመልስለት ቁስሉ ራሱን ደፈነ።
ሣሩ ተመለሰ፤ ያልተነካ፣ ያልተቆረጠ ሆነ።
"ያድጋል እንዴ?"
"አያድግም።"
"ይታጨዳል?"
"አይታጨድም።"
"በረዶስ? ፍልፈልስ?"
"የለም።"
ሎረታ መስኮቱን አየች። እኔ እጄን አየሁ። ዝም።
"ታዲያ እኔን" አለ፣ "እዚህ ምን ልትለኝ ጠራኸኝ?"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሊወጡ ሲሉ፣ ወንበሩ በሩ ላይ ሳለ፣ ሳይዞር፣
"አምስተኛው አሸዋ ውስጥ ማበጠሪያዬ ቀርቶ ነበር፤
አሸዋ የማበጥርበት። ነገ አነሣዋለሁ ብዬ፣ ማታ ነው፤
ቡልዶዘሩ በጠዋት ነው የመጣው።"

ሜዳዬን ዛሬ ብዙ ሰው ይጫወትበታል፤
ከቡሳን፣ ከግላስጎ፣ ከማላውቀው አገር ይጽፉልኛል፦
"አምስተኛው ላይ የተረሳ ዕቃ አለ፤
ኳሴ መትቶት ነጠረና ኩሬ ገባ፤ ይነሣ።"
አንዱማ በትህትና፣ ቦታውን በቀይ አክብቦ፣ ፎቶ ልኮልኛል።
ሌላውን ስህተት ሁሉ በዚያው ሳምንት አርማለሁ።
ማበጠሪያው ግን እዚያው ነው፤ አንድ ጥርስ የጎደለ፣
እጀታው ወደ ፓምፑ ቤት የዘነበለ።